የአምሐ መብራት

አልማዜ የባሏን መሞት የሰማችው ማድ ቤት ቁጭ ብላ ሽንኩርት እየላጠች ነው። ማንም ጠርቶ አልነገራትም። ማድ ቤቱንና የጋሽ ቀለመወርቅን ሳሎን የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሱንም አምና ክረምት ዝናቡ ቦርቡሮት በጋዜጣ ተደፍኖ ከርሟል። ጋዜጣ ደግሞ ንፋስ ይከለክል እንደሆነ እንጂ ወሬ አይከለክልም። ቅዳሜ ጠዋት ነው። የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደሰንበትና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ከጋሽ ቀለመወርቅ ጋር ተቀምጠው ይንሾካሾካሉ፤ ሽማግሌ ሲንሾካሾክ ያው ጆሮው ስለሚከብደው መጮኹ ነው። ነገ ማለዳ ገና ወፍ ሲንጫጫ ለባሏ እናት ለወይዘሮ ጽጌማርያም መርዶው ይነገራቸው ተባለ። መስቀል ይለፍ ተብሎ ነበር፣ አለፈ። ገና ይለፍ ተባለ፣ ጥምቀት ይለፍ ተባለ፣ ሁሉም አለፈ። አሁን ጾም ሳይገባ ካልተነገረ፣ ሁዳዴን ሙሉ የሰው እናት ስንዋሽ ልንጾም ነው ወይ አሉ አቶ ወልደሰንበት። አምሐ አምና መጋቢት ጦሩ ከአፋቤት ሲያፈገፍግ እዚያው ወድቆ መቅረቱን የነገራቸው አጠገቡ የነበረ ፍቅሬ የሚባል ወታደር ነው፤ እግሩን አጥቶ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ለጋሽ ቀለመወርቅ ምሎ ነገራቸው። ይህን የነገራቸው መስከረም ላይ ነበር። አሁን የካቲት ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ድምፁን አልለየችውም፣ «ሚስቲቱስ?» ሲል ጠየቀ።

«እሷማ ምን ትሆናለች፣ ልጅ ናት» አሉ ጋሽ ቀለመወርቅ። «ቀድማ ከሰማች ወገኖቿ መጥተው ይወስዷታል። ከዚያ እኚህን ሴትዮ ማን ያነሳል፣ ማን ይጥላል? ከለቅሶው ጋር አብራ ትሰማዋለች።»

እንግዲህ ሰው ይፍረድ። ባል የሞተባት እሷ፣ መርዶዋ ግን በሌላ ሰው መርዶ ላይ እንደ ምራቂ ሊጣልላት ነው። ጋሽ ቀለመወርቅ የአምሐ አጎት ናቸው፤ ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ ቤቱን በሽማግሌነት የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ክፉ ሰው ናቸው ማለት አይቻልም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር። አልማዜ ሽንኩርቱን መላጧን አላቋረጠችም። ሌላ ቀን ገና ቢላው ሲነካው እንባዋ የሚፈሰው ልጅ፣ ያን ዕለት አራት ራስ ሽንኩርት ልጣ ከትፋ ስትጨርስ ዓይኗ ድርቅ ብሎ ቀረ። ለቅሶ ካነሳች ወይዘሮ ጽጌማርያም ከማድ ቤቱ መጋረጃ ማዶ ናቸው፤ ልባቸው ደካማ ነው፤ ባልተዘጋጁበት ቢሰሙ እዚያው ክልትው ይላሉ። እናት ሳታለቅስ ሚስት አታለቅስም። ሆድ ይፍጀው ብላ ተነሳች። ልትወጣ ስትል ነው የመጨረሻውን የሰማችው። መብራቱ ዛሬውኑ ይስተካከል፣ ኤሌክትሪሲያኑ ጀማል ከሰዓት ይመጣል፣ ያ መብራት ብልጭ እያለ እኚህ ሴት ቅዱስ ገብርኤል ወርዶ ቢነግራቸውም አያምኑም እየተባባሉ ነበር።

የመብራቱ ነገር እንዲህ ነው። አምሐ መርከበኛ የአክስት ልጅ አለው። ለሠርጋቸው ሌላው ዘመድ ብርጭቆና ብርድ ልብስ ሲያመጣ፣ እሱ ከሐምቡርግ አንድ አምፖል ይዞ ከች አለ። ለአንድ አምፖል ሰው ሳቀ። አምፖሉ ግን ሌላ ነው። እንደ ሎሚ የከበበ አይደለም፤ ቀጭን ነጭ የብርጭቆ ቱቦ ሁለት ጊዜ ታጥፎ፣ ከሥሩ ቡጢ የሚያህል ነጭ ጉማጅ ያለበት ነው። ቢሮ ጣሪያ ላይ የምናውቀውን ያንን ረጅሙን የመብራት ሸምበቆ አሳጥረው አጣጥፈው በተራ አምፖል መግቢያ እንዲገባ አደረጉት አለ መርከበኛው። አይሞቅም፣ ቆጣሪም አያስሮጥም። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ኤሌክትሪክ የተማረው አምሐ፣ ለእናቱ ጓዳ ነው የምገጥመው አለ። ጓዳው መብራት ኖሮት አያውቅም። ሁለት ወር ሙሉ ነገ ነገ ሲል ቆይቶ አንድ ሐሙስ ከሳሎኑ ሽቦ ቀጥሎ፣ በግድግዳው ላይ በሚስማር እየቸነከረ፣ ማጥፊያውን ከእናቱ አልጋ ራስጌ አደረገላቸው፤ ሌሊት እንዳይነሱ ብሎ። ቅዳሜ ለሥራ ሲወጣ ከፌርማታ ለጦር ታፍሶ ሄደ። ሁለቱን ሌሊት በአዲሱ መብራት ተደስተው ሳያጠፉት ያደሩት ወይዘሮ ጽጌማርያም፣ ያን ዕለት ማታ ሲያለቅሱ ቆይተው መብራቱን አጥፍተው ጋደም ሲሉ፣ በጨለማው ውስጥ አምፖሉ ብልጭ አለ። ጠፋ። ቆይቶ ደግሞ ብልጭ አለ።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ጽጌማርያም ሌላ ሰው ሆኑ። አመሻሽ ላይ መስኮቱን ያዘጋሉ፣ መብራቱን ያጠፋሉ፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ይቀመጡና ልጃቸውን ይጠብቃሉ። ብልጭ ሲል «እሰይ የኔ ጌታ፣ ደህና አመሸህ?» ይላሉ። አንዳንድ ቀን ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን ሰው ሁለት ጊዜ አባታችን ሆይ ደግሞ እስኪጨርስ ይዘገያል። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲበረታ ብልጭታውም ይበረታል፤ ያኔ ብርድ ገብቶት ነው፣ እየጠራኝ ነው ብለው ጋቢያቸውን አልጋው ላይ ለእሱ ያነጥፋሉ። የሰፈሩ መብራት በተቋረጠ ቀንማ እህል አይቀምሱም። ጥቅምት ላይ አንድ የሩቅ ዘመድ መጥቶ፣ ጦርነት ነው፣ መቼም ሰው በእግዚአብሔር እጅ ነው እያለ ሊያለሳልስ ሲሞክር፣ እጁን ይዘው ጓዳ አስገቡት፣ በሩን ዘጉ፣ መብራቱን አጠፉ፣ አሳዩት። ከዚያ ውሃ እንኳ ሳያቀምሱ አሰናበቱት። አልማዜም ብትሆን በዚህ ነገር ስቃ አታውቅም። ከአልጋው ሥር ፍራሽ ዘርግታ የምትተኛው እሷ ናት። ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ያ ብርሃን ግድግዳውን ነክቶ ሲሄድ፣ እማማ እንዳይሰሟት በከንፈሯ ብቻ ደህና እደር ስትለው ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ለካስ አብዛኛውን ጊዜ ደህና እደር ስትል የኖረችው ለሞተ ሰው ነው።

የጋሽ ቀለመወርቅ ሚስት እትዬ ዘመነች ሽማግሌዎቹ እንደወጡ መጡና የቀበሌ ሱቅ ስኳር ገብቷል፣ የሁለታችንንም ቤት የራሽን ካርድ ይዘሽ ሩጪ አሏት። ነገ የማኅበር እንግዳ አለብን አሉ። ሲናገሩ የሚያዩት ጣሪያውን ነው። አልማዜ ካርዶቹን ተቀብላ ወጣች። የአጠና ተራን ቁልቁለት ስትወርድ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ አንድ አህያ ሙሉ የባሕር ዛፍ ግንድ ጭኖ መንገዱን ዘግቶታል፤ ነጂው ይሳደባል። ዓለም እንደ ወትሮው ነው። ከሱቁ በር ጀምሮ እስከ ቀበሌው አጥር ጥግ ድረስ ሰልፈኛው ተኮልኩሏል፤ የስኳር ዋጋ ውጭ ገበያ እጥፍ ድርብ በገባበት ጊዜ ማን ይቀራል። እንደደረሰች አንዲት ሴት ክንዷን ይዛ «ነይ ልጄ፣ እኔ አልቸኩልም» ብላ ከፊቷ አስገባቻት። ከዚያች ፊት ያለችውም እንደዚሁ። እንዲህ እየተቀባበሉ በር ላይ አደረሷት። ይህ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም፤ ከመስቀል ወዲህ በሄደችበት ሁሉ እንዲህ ነው። ውሃ ቦኖ ላይ ተራ ይለቁላታል፤ ባለሱቁ ሲመዝን ጨመር ያደርግላታል፤ ለሰው ጨምራ የማታውቀው ጎመን ሻጭ እንኳ ምራቂ ትይዝላታለች። አልማዜ ባሌ ግንባር ስላለ አዝነውልኝ ነው፣ የኮልፌ ሰው እንዴት ደግ ነው ስትል ኖራለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። ያን ሁሉ ወር ሲያስቀድሟት የኖሩት ለቀስተኛ ስለሆነች ነው። ሰልፉን ዞር ብላ አየችው። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ስኳሩን ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ዳገቱን ወጣች። በደግነታቸው ተናደደች፤ እንዲህ በሰው ደግነት ተናዳ አታውቅም።

ቤት ስትደርስ እትዬ ዘመነች ሁለት ሰፌድ አዘጋጅተው ጠበቋት። በአንዱ ስንዴ፣ በአንዱ ባቄላ። ልቀሚው አሏት። ለማኅበር ንፍሮ ማን ይቀቅላል? ስንዴና ባቄላ ተለቅሞ አዳሩን የሚዘፈዘፈው ለምን እንደሆነ የአምስት ዓመት ሕፃንም ያውቃል። እትዬ ዘመነች ራሳቸው የታወቀባቸው መሰላቸው መሰል፣ ባቄላውን ወደራሳቸው ስበው አብረው መልቀም ጀመሩ። ሁለቱ ሴቶች በረንዳው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቀኑ ግማሽ እስኪሆን ጠጠር እየለቀሙ ወደ ደጅ ይወረውራሉ። አንዲቱ እንዳትናገር ታዝዛለች፤ አንዲቱ እንዳልሰማች ትሆናለች። እትዬ ዘመነች ስለ በርበሬ መወደድ አነሱ። አልማዜ አዎ ተወደደ አለች። ስለ ጤፉም አነሱ። አዎ አለች። አንዴ ብቻ ቀና ስትል የእትዬ ዘመነች ዓይን እንባ አቅርሮ አየች። ጭስ ነው አሉ። ጭስ አልነበረም፤ ምድጃው ገና አልተቀጣጠለም። ያን ጊዜ አልማዜ በሆዷ፣ ዝም ብለሽ አንዴ እቀፊኝና ይውጣልኝ አለች። እትዬ ዘመነች ግን ባቄላቸውን ለቀሙ። አልማዜም ለባሏ ለቅሶ የሚቀቀለውን ስንዴ በገዛ እጇ ለቅማ፣ አጥባ፣ ዘፈዘፈች።

ከምሳ በኋላ ወይዘሮ ጽጌማርያምን ከቤት ማውጣት ያስፈልግ ነበርና ራቅ ብሎ ሳንሱሲ ሰፈር የታመመች ዘመድ አለች ተባለ። እትዬ ዘመነች ይዘዋቸው ይሄዳሉ። አልማዜ ጎንበስ ብላ የእማማን ጫማ አሰረችላቸው። እግራቸው ያበጠ ስለሆነ ማሰሪያውን ላላ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ወይዘሮ ጽጌማርያም ጭንቅላቷን ዳበስ አድርገው፣ ሳይመሽ እመለሳለሁ፣ ብዘገይ ግን መስኮቱን ዘግተሽ አጥፊለት፣ ሰው የለም ብሎ እንዳይከፋው አሏት። እሺ እማማ አለች። በሩን ሲወጡ ከኋላ ስታያቸው ከባለፈው ሳምንት እንኳ ያነሱ መሰላት።

ጀማል መሰላሉን ተሸክሞ የመጣው ወዲያው ነው። ይህ ጀማል የሚባለው የሰፈሩን ሬዲዮና ካውያ የሚጠግን፣ ወሬ የሚወድ፣ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ እንደ እርሳስ የሚሰካ ሰው ነው። ጋሽ ቀለመወርቅ አምፖሉ ትንሽ ተበላሽቷል ብለው ልከውኝ ነው አለና ወደ ጓዳው ገባ። መጀመሪያ ልየው ብሎ መስኮቱን ዘጋ፣ መብራቱን አብርቶ አጠፋው፣ ሁለቱም በጨለማው ቆሙ። ብልጭ አለ። በዚያች ቅጽበት የአልጋው ራስጌ፣ በግድግዳው የተለጠፈው የሠርግ ፎቶ፣ የጀማል ፂም ታይቶ ጠፋ። አሁን ሞቱን እያወቀችም ሰውነቷ ውርር አላት።

«አይዞሽ እህቴ፣ ጂን አይደለም» አለ ጀማል መስኮቱን እየከፈተ፣ ከዚያ ሳትጠይቀው ያስተምራት ጀመር። ተራው አምፖል ቀጭን ሽቦ እየነደደ ነው የሚያበራ አለ፤ ይኼኛው ግን የሚነድ ነገር የለውም። ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ነው፤ ቅንጣት የምታህል ሜርኩሪም አለችበት፣ የሐኪም ቴርሞሜትር ውስጥ የምትሮጠዋ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት ዓይን የማያየው ብርሃን ትሰጣለች፤ ቱቦው ከውስጥ የተለቀለቀው ነጭ ዱቄት ነው ያንን ተቀብሎ ሰው የሚያየው ብርሃን የሚያደርገው። ቱቦው ግን ለራሱ ቢተው ዕብድ ነው፤ ለመነሳት ይለግማል፣ አንዴ ከተነሳ ደግሞ እየጠጣ እየጠጣ ራሱን ይገድላል። ለዚህ ነው ሥሩ ላይ ባላስት ያለው። እዚህ ነጩ ጉማጅ ውስጥ ነው አለ በጥፍሩ እየመታ። እምቢ ሲል ይገፋዋል፣ ሲጋልብ ልጓሙን ይይዝለታል።

«ታዲያ ከጠፋ በኋላ ለምን ይበራል?» አለች አልማዜ። ይህን ጥያቄ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ አንድም ሰው በዚህ ቤት ጠይቆት አያውቅም።

ጀማል መሰላሉ ላይ ወጥቶ ሽቦውን በቴስተር ነካ ነካ አደረገና ሳቀ። ማጥፊያው የተሳሳተ ሽቦ ላይ ነው የተገጠመው አላት። ኃይሉ የሚመጣበት ሽቦ አለ፣ የሚመለስበት ሽቦ አለ። ማጥፊያ መቁረጥ ያለበት የሚመጣበትን ነው። የገጠመው ሰው የሚመለስበትን ቆርጦታል። ስለዚህ እማማ ሲያጠፉት መውጫው ተዘጋ እንጂ ኃይሉ አልሄደም፣ አምፖሉ ራስ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ በግድግዳው እርጥበት፣ በሽቦና በሽቦ መካከል ትንሽ ትንሽ ያፈሳል። ባላስቱ ውስጥ ደግሞ ያንን የሚያጠራቅም ዕቃ አለ፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር እንደተቀመጠ ጣሳ በይው። ጠብ፣ ጠብ፣ ሲሞላ ቱቦውን ይመታዋል፣ ብልጭ። ባዶ ይሆናል፣ እንደገና ጠብ ጠብ። ክረምት ላይ ይብሳል አይደል? ግድግዳው ስለሚርስ ነው። አልማዜ ክረምቱን አሰበች፤ አልጋው ላይ የተነጠፈውን ጋቢ አሰበች። ጀማል ከላይ ሆኖ የሽቦውን መገጣጠሚያ ሲፈታ፣ አምሐ የኤሌክትሪክ ፕላስተር አጥቶ በቁስል ፕላስተር ጠቅልሎት ኖሯል፤ ያንን ልጦ ወደ ታች ጣለው። አነሳችው። በውስጥ በኩል፣ ሙጫው ላይ፣ የአውራ ጣት አሻራ ተጋድሟል።

«አምሐ እኮ እጁ ጎበዝ ነበር» አለ ጀማል ሥራው ላይ አቀርቅሮ። «ችኩል ነበር እንጂ። ሰው ሲጠራው ጥሎ የሚሮጥ…» ከዚያ አፉን ያዘ። «ማለቴ፣ ነው። ችኩል ነው።»

«ተወው ጀማል። ሰምቻለሁ።»

ጀማል ማን ነገረሽ ብሎም አልጠየቀ። ቀስ ብሎ ወረደና ፒንሳውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ሚስቴ አልፊያ ከመስቀል ወዲህ ባንቺ ነገር ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች፣ ልንገራት ስትለኝ እኔ ነኝ የከለከልኳት፣ የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ አላት። ፊቱ ልመና ነበር። አልማዜ ምን ትበለው? የሰው ሚስት ለእሷ ባል ስታለቅስ ከርማለች፤ እሷ ጎመን ስትከትፍ። ካስተካከልከው በኋላ ሁለተኛ ብልጭ አይልም ወይ ብላ ጠየቀችው። አይልም፣ ሲያጠፉት ጠፋ ነው አለ። በል ጨርሰው አለችው። ሁለቱን ሽቦ ማቀያየር ነው፤ ቅጽበት ነው የፈጀበት። መስኮቱን ዘግቶ አጥፍቶ አሳያት። ጨለማው ጨለማ ሆኖ ቀረ። ጀማል መሰላሉን ይዞ ወጣ።

ብቻዋን ስትቀር የሠርጉን ፎቶ ፊት ለፊት ቆማ አየችው። አምሐ በተውሶ ካራቫት ታንቆ ይስቃል። አሁን ማልቀስ ትችላለች፤ ማንም የለም። ሞከረች። ግን ለቅሶም ሰው ይፈልጋል፤ የሚይዝሽ፣ ነጠላሽን የሚያስተካክልልሽ፣ ስሙን ጠርቶ የሚያስለቅስሽ ይፈልጋል። ብቻዋን ጓዳ ውስጥ አፏን ይዛ የምታለቅስ ሌባ ናት። አልሆነላትም። ፕላስተሩን ጡቷ ሥር ሸጎጠችና ወጥ ጣደች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወይዘሮ ጽጌማርያም ደክመው ተመለሱ። ሳንሱሲ ያለችው ሴትዮ ምንም አልሆነችም፣ ጉንፋን ናት፣ ለጉንፋን ይህን ሁሉ መንገድ እያሉ ነው የገቡት። እትዬ ዘመነች ከደጅ ተመልሰው ወደ ራሳቸው ቤት ሮጡ። በግድግዳው ማዶ የጋሽ ቀለመወርቅ ሬዲዮ ይጮህ ነበር፤ ወዲያው ዝቅ አለ፣ ከዚያም ፈጽሞ ጠፋ። አልማዜ ማዶ ሆነው እንደሚያዳምጡ ገባት። ወይዘሮ ጽጌማርያም ጫማቸውን አስወልቀው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ መስኮቱን አዘጉ፣ እጃቸውን ወደ ራስጌ ሰድደው መብራቱን አጠፉ። ጨለመ። አልማዜ በሩ አጠገብ ቆማለች። አሮጊቷ አባታችን ሆይን ደገሙ። ምንም የለም። እንደገና ደገሙ። «ዛሬ ደክሞታል» አሉ ቀስ ብለው። ቆዩ። አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ፤ ወደ አምፖሉ ተጠግተው መሆን አለበት። «አምሐ» አሉ። እንደዚያ ሲጠሩት ሰምታ አታውቅም፤ ከትምህርት ቤት የዘገየ ልጅ በር ላይ ተቆሞ እንደሚጠራ ነው የጠሩት። «አምሐዬ፣ ምን ሆነህብኝ ነው?»

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ የፈለጉት ይህንኑ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እዚህ ጨለማ ውስጥ ሲጠብቁ ያድራሉ፤ ተስፋቸው ጠብ ጠብ ብሎ አልቆ ያነጋል፤ ማለዳ ሰዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ የሚያንኳኩት ክፍት በር ይሆንላቸዋል። ብልሃት ነው መቼም። መርዶ ማታ አይነገርም፤ ሕጉ ይህ ነው፣ አልማዜም ታውቃለች፤ ማታ የተነገረው ሰው ሌሊቱ ይገድለዋል ይባላል። ግን የሰው ልጅ ሞት በሽቦም አይነገርም። እግሯ መሬቱን ሳይረግጥ የሄደች መሰላት፤ አልጋው ሥር ተንበረከከችና ያበጠውን ጉልበት ያዘች።

«እማማ፣ መብራቱን ጀማል ነክቶታል። እኔ ነኝ በር የከፈትኩለት። ብልጭ ይል የነበረው ሽቦው ተሳስቶ ተገጥሞ ነው።»

«ማን ነው የተሳሳተው?»

«አምሐ።»

በጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማች፤ ሳቅ ይሁን ሳግ አልለየችውም። «በሰባት ወሩ ነው የተወለደው» አሉ ወይዘሮ ጽጌማርያም። «መጠበቅ አይችልበትም።» የአልማዜን እጅ ከጉልበታቸው ላይ ያዙት። «እሱስ?» አሉ።

«የለም፣ እማማ። አፋቤት ላይ ቀረ። ዓመት ሊሞላው ነው።»

ጩኸት ጠበቀች። ልባቸው ቀጥ ይላል ብላ ሁለት እጃቸውን አጥብቃ ያዘች። ጩኸት አልመጣም። አሮጊቷ ይተነፍሳሉ፤ ዳገት እንደወጣ ሰው፣ ከባድ ከባድ። ሲናገሩ ድምፃቸው የራሳቸው ነበር።

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ዛሬ ጠዋት። በግድግዳ።»

«ማን አስለቀሰሽ?»

«ማንም።»

«ይህን ይዘሽ ነው ጫማዬን ያሰርሽልኝ?» አሉ።

ወይዘሮ ጽጌማርያም ፊቷን በሁለት መዳፋቸው ይዘው በጨለማው ዳሰሱት፤ ግንባሯን፣ ዓይኗን፣ ጉንጯን፤ ደረቅ ነበር። ደረቅ መሆኑን ሲያውቁ እንደ መናደድ አደረጋቸው። ተነሱ። ግድግዳውን እየተደገፉ ሳሎኑን አቋረጡ፣ የደጁን በር ሁለቱንም ክፋይ ወለል አድርገው ከፈቱ። ውጭ ገና ብርሃን አለ፤ ቦኖው ላይ ሴቶች እንስራቸውን ይሞላሉ። አሮጊቷ በባዶ እግራቸው ደፉ ላይ ቆመው፣ ያ ደካማ የተባለ ደረታቸው ከየት አምጥቶት እንደሆነ እንጃ፣ እስከ አጠና ተራ በሚሰማ ድምፅ ጮኹ።

«ሰፈርተኛ! አልማዜ ባሏ ሞቶባታል! ልጄ ባሏ ሞቶባታል፣ ኑ አስለቅሱልኝ!»

ሰው በአንዴ ግቢውን ሞላው። ለእንዲህ ያለ ድንገተኛ ነገር ፈጥነው ነው የደረሱት፤ ለነገ የተዘጋጀ ነጠላ ከየበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ኖሯል። ጋሽ ቀለመወርቅ ከራሳቸው በር ላይ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ብቅ አሉ፤ እንዲህ አልነበረም የተባለው ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ የሚሰማቸው ግን የለም። እትዬ ዘመነች ከሁሉ ቀድመው፣ ከጠዋት ጀምሮ የያዙትን እንባ ለቀው፣ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ወጉ እናቲቱ አንገት ላይ ሊወድቁ መጡ። ወይዘሮ ጽጌማርያም በክርናቸው መለሷቸው። አልማዜን ከኋላቸው ጎትተው ወደ ፊት አወጧት፣ ነጠላዋን ከራሷ ገፈው እንደ ባለሐዘን ወገቧ ላይ አሰሩላት።

«እሷን» አሉ። «መጀመሪያ እሷን። እኔ እደርሳለሁ።»